ስለ ወይዘሮ ወርቅዬና ስለ አማታቸው ስም

ሰኔ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለተከበሩ ጓድ ተረፈ
የቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ሊቀ መንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎንም፣ የተከበረ ቤተሰብዎንም፣ በቅርቡ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰውን የቀበሌ ጽሕፈት ቤታችንንም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ወደ እርስዎ ደጃፍ ከመመላለስ በስተቀር፣ ሁለቱም አንድ ነገር ስለሆኑ እንደ አንድ ይቆጠሩልኝና፣ ለሰፊው ሕዝብ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን ባመምዎት ቁጥር የእኛ ጉዳይ አንድ ወር እንደሚተኛ ከልምድ አውቃለሁና።

ይህ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ስለደረሰዎ ቅር እንዳይልዎ እለምናለሁ። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ማመልከቻ በየተራ ለመዝገብ ቤቱ አስገብቼ ሦስቱም ጠፍተዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የጠፉት እጅግ በጥንቃቄ ስለተቀመጡ መሆኑን በትሕትና አስረድተውኛል። ሰሌዳው ግን የሚገኘው ከኅብረት ሱቁ የስኳር ወረፋ አጠገብ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ነገ ቢጠፋ እንኳ ዛሬ ወረፋ ጠብቀው ካነበቡት ሰዎች ዘንድ ይገኛል ብዬ ነው።

ላላወቁኝ ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ከመንዝ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በ1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለፈው ጥር ወር ጎረቤቴ ጋሪ ሠሪው አቶ ጠና ሎምባሞ ሲያርፉ፣ ዘመዶቻቸው ተሰብስበው የውርሱ አጣሪ እንድሆን መረጡኝ። የውርስ አጣሪ ማለት በስኳር ወረፋ ላይ ላሉ አንባቢዎቼ ባጭሩ፣ ሟች የተወውን ንብረት ቆጥሮ፣ የሰው የሆነውን ለሰው መልሶ፣ የቀረውን ለሚገባው አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ ስንቱን የውርስ መዝገብ ስላየሁ ይህን በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ተቀበልኩ። ይኸው አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

የውርሱ ነገር ከዚህ በላይ ቀላል ሊሆን አይችልም። አቶ ጠናና ወይዘሮ ወርቅዬ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ልጅ አልወጣላቸውም። ያፈሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጎኑ የተቀጠለ የሥራ ዳስ፣ የአናጢ ዕቃና በጓሮ አርባ የሚያህል እግር እንሰት ነው። ከባለቤታቸው ሌላ ይገባኛል ሊሉ የሚችሉት ሌሞ የሚኖሩት የሟቹ አባት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሽማግሌዎች ፊት፣ ልጄ የሠራው ቤት የምራቴ ነው፣ ከልጄ ሞት የማተርፈው ነገር የለም ብለው ጨርሰዋል። ጠብ የለም፣ ተከራካሪ የለም፣ ጠበቃ የሚያበላ ነገር የለም። የጎደለችው ወይዘሮ ወርቅዬ የሟቹ ሚስት መሆናቸውን የምትገልጽ ከሸንጎዎ የምትሰጥ አንዲት ወረቀት ናት። ሚስት ከሆኑ ቤቱ የእሳቸው ነው። ሚስት ካልሆኑ ቤቱ ባለቤት የሌለው ይባልና፣ የወጣቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይሁን ተብሎ ከሟቹ አርባ በፊት የተወሰነው ውሳኔ ይጸናል። የሸንጎው አርቆ አሳቢነት ከዚህ ይጀምራል፤ እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ አቶ ጠና በእርግጥ መሞታቸውን በማስረጃ እንዳረጋግጥ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። በቀብሩ ዕለት የሟቹን የሕይወት ታሪክ በድምፅ ማጉያ ያነበቡት እርስዎ ራስዎ ስለነበሩ ትእዛዙ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። ታታሪ ላብአደር መሆናቸውን አራት ጊዜ ሲጠቅሱ ከሳጥኑ ያለዎት ርቀት ከሁለት ክንድ አይበልጥም ነበር። ኋላ ግን ዕለቱ እሑድ ስለነበረ በሊቀ መንበርነት ሳይሆን በግልዎ እንደተገኙና በግልዎ ያዩትን ነገር በሥራ ሰዓት ሊያውቁት እንደማይችሉ ሲያስረዱኝ ገባኝ። ሬሳውን ያጠቡት የእድራችን ዳኛ አቶ ዳኘ ለመመስከር ቀርበው፣ እድር በሸንጎው ዘንድ አይታወቅም ተብለው ተመለሱ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታልን ቀበሌው ራሱ ነው። ሟቹ በየካቲት ወር ከሁለት ስብሰባ በመቅረታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎላቸው ኖሮ፣ ለማስጠንቀቂያው በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ባለመስጠታቸው መሞታቸው ታመነ።

2ኛ/ ንብረቱ እንዳይባክን ቤቱን ስላሸጉት አመሰግናለሁ። ማሸግ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ እኔም በዘመኔ ብዙ ሰም አቅልጫለሁ። ባልቴትን ከነነጠላዋ ደጅ አስቀርቶ ማሸግ ግን አዲስ ስለሆነብኝ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ከመጋቢት ጀምሮ ከእኔና ከባለቤቴ ከእህተማርያም ጋር ይኖራሉ። የጓሮው በርም አብሮ ታሽጓል። በጓሮው ጉድጓድ ውስጥ እሳቸው በኅዳር ፍቀው የቀበሩት ቆጮ አለ። ቆጮ በየጊዜው ካልተገላበጠና የተሸፈነበት ኮባ ካልተለወጠ እንደሚበላሽ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ይህን ለንብረት ቆጣሪው ኮሚቴ ባመለክት፣ ጉድጓድ ማለት መሬት ነው፣ የከተማ መሬት ደግሞ የመንግሥት ነው የሚል መልስ ተሰጠኝ። ሽታው ሰሞኑን እስከ መሰብሰቢያ አዳራሹ ስለሚደርስ መንግሥት ንብረቱ የት እንዳለ የሚጠፋው አይመስለኝም።

በዚያው በታሸገው ዳስ ውስጥ የነጋዴው የአቶ ረሻድ ሁለት የጋሪ ጎማዎች ለጥገና እንደገቡ ቀርተዋል። የሰውን ንብረት ለሰው መመለስ የእኔ ሥራ ስለሆነ አቶ ረሻድን ይዤ ከሸንጎው ቀረብኩ። ሸንጎው ጎማዎቹ የአቶ ረሻድ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ በሟቹ የተፈረመና በቅርብ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ እንዲቀርብ ጠይቋል። አቶ ረሻድ ደብዳቤውን የሚያመጣላቸው መንገደኛ እስካሁን አላገኙም። ፈረሳቸው ብቻ በውሳኔው ደስ ብሎት በእነዚህ ወራት ውስጥ በጣም ወፍሯል።

3ኛ/ የጋብቻ ማስረጃ በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። አቶ ጠናና ወይዘሮ ወርቅዬ የተጋቡት በ1948 ዓ.ም. በሠፈራችን ባለው ጸሎት ቤት ነው። እኔ የሌላ ሃይማኖት ሰው ብሆንም በጉርብትና ተጠርቼ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዝማሬው እስኪያልቅ ጠብቄያለሁ። ጸሎት ቤቱ እንዲዘጋ ከተደረገ ወዲህ ሕንጻው የቀበሌያችን አዳራሽ ሆኗል። ስለዚህ ሸንጎው ተቀምጦ የት ተጋባችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ወይዘሮ ወርቅዬ እርስዎ ወደተቀመጡበት ወንበር እያዩ “እዚህ ጋ” አሉ። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው “አመልካቿ ለጥያቄው ተገቢ መልስ አልሰጠችም” ብለው መዝግበዋል። የጋብቻው መዝገብ ያለው በዚያው አዳራሽ ጥግ በቆመው ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሣጥኑ በበላይ አካል ስለታሸገ ሊከፈት እንደማይችል ተነግሮኛል። ሆኖም በየስብሰባው ባርኔጣዎን ስለሚያስቀምጡበት ሳይጠቅም ቀርቷል አልልም።

4ኛ/ እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፈቀድልኝ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይኸኛው ነው።

ግንቦት 6 ቀን ወይዘሮ ወርቅዬ በሸንጎው ፊት ቀርበው ሦስት ጥያቄ ተጠየቁ። ከአመልካቿ በቀር ማንም አፉን እንዳይከፍት አስቀድሞ ታዟል። የሟች ስም ማን ነው ቢባሉ ጠና አሉ። የተጋባችሁት መቼ ነው ቢባሉ ዓመቱን ከነወሩ ተናገሩ። የሟች አባት ስም ማን ይባላል ቢባሉ ዝም አሉ። ደግሞ ቢጠየቁ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው፣ “የባለቤቴ አባት ናቸው” አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሙ እንዲነገር ሲታዘዙ እጃቸውን አንስተው በክፍቱ በር በኩል ወደ ሌሞ አቅጣጫ አመለከቱ። እኔ ከኋላ ተነስቼ አፌን ስከፍት ከአዳራሹ እንደምወጣ ስለተነገረኝ ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፤ “አመልካቿ የሟችን አባት ስም ባለማወቋ በእጇ ወደ በር አመለከተች። የባሏን አባት ስም የማታውቅ ሚስት ስለሌለች የሟች ሚስት መሆኗ አልተረጋገጠም።”

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወይዘሮ ወርቅዬ የሺንሺቾ ሰው ናቸው። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም በአንደበቷ አትጠራም፤ ባሊሻ ይሉታል። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን አጀማመሩ ከዚያ ስም ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ በሌላ ቃል ትተካዋለች። ፊታቸውንም ትኩር ብላ አታይም። ይህ ሁሉ የአክብሮት ሥርዓት ነው፤ የማታውቀውን ሰው ስም እንዲህ ተጠንቅቃ ልትጠብቅ አትችልም።

እኔም ብሆን ይህን ያወቅሁት አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ እዚህ ላይ ራሴን ሳልወቅስ ባልፍ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዬ ፊት የቆሙትን የዚህን አገር ሴቶች የባልሽ አባት ማን ይባላል እያልኩ ጠይቄ መልሱን ጽፌአለሁ። መልሱን ይነግረኝ የነበረው አንዳንዴ አብሮ የመጣ ወንድም፣ አንዳንዴ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ከኋላ ተራውን የሚጠብቅ ባዳ ነበር። ሴቶቹ ዓይነ አፋር ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። አንዲትም ሴት በራሷ አንደበት ነግራኝ እንደማታውቅ የገባኝ ግንቦት 6 ቀን ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ባለቤቴማ ከእኔ ትብሳለች። ወይዘሮ ወርቅዬ ከእኛ ቤት ሎሚ ሊበደሩ ሲመጡ “ያን ኮምጣጣውን” ይሉ ነበር። አማርኛው ጠፍቷቸው መስሎን ስንት ዓመት በደግነት፣ ሎሚ ይባላል እያልን ስናስተምራቸው ኖርን። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ያመሰግናሉ፤ በሳምንቱ ተመልሰው ኮምጣጣውን ይጠይቃሉ። አማታቸው ሎምባሞ እንደሚባሉ እያወቅሁ ነገሩን ሳላገናኘው መኖሬ ያሳፍረኛል።

ይህንኑ በጽሑፍም በቃልም ባስረዳ፣ ኋላ ቀር ልማድ በአብዮት ዘመን ማስረጃ አይሆንም ብለው መለሱልኝ። ልክ ነዎት። ልማዱ ማስረጃ ባይሆንም ሰውየው ራሳቸው ማስረጃ ይሆናሉ ብዬ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሟቹን አባት አቶ ሎምባሞን ከሌሞ በጋሪ አስመጣኋቸው። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ከጋሪው ያወረዷቸው ሁለት ሰዎች ደግፈው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ልጃቸውን ቀብረው፣ ልጅ እንደነበራቸው ሊያስረዱ መጡ።

ሽማግሌው ከአዳራሹ በር ሲደርሱ ወይዘሮ ወርቅዬ እንደ ወጋቸው ከመንገዳቸው ዘወር አሉ፤ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሽማግሌውም እንደ ወጋቸው ወደ እሳቸው ሳያዩ አልፈው ከወንበሩ ማዶ ተቀመጡ። እኔ ይህን ሳይ በልቤ፣ እሰየው፣ አሁንስ አንድም የሚጠራጠር ሰው አይኖርም አልኩ። ቃለ ጉባኤው ግን እንዲህ ይላል፤ “ሁለቱ ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም፤ አመልካቿም ፊቷን አዙራለች። እንደማይተዋወቁ ሸንጎው በዓይኑ አይቷል።”

ሽማግሌው በሐዲይኛ፣ እኔ የጠና አባት ሎምባሞ ነኝ፣ ይህች የልጄ ሚስት ናት፣ ስትዳር ከብት የነዳሁት እኔ ነኝ ብለው ተናገሩ፤ ተተርጉሞም ተመዘገበ። እርስዎም የተጠየቀችው እሷ ስለሆነች መልሱ ከእሷ አንደበት ካልወጣ አይያዝም አሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ሳያዩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ እንዲህ አሉ፤ “ልጄ፣ ጥሪው። የፈቀድኩልሽ እኔ ነኝ። ነገ አፈር የሚበላው ስም ነው፤ ከቤትሽ አይበልጥም።”

ወይዘሮ ወርቅዬም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሎሚ እንኳ ሳይሉ የጠበቁትን ስም ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ጸሐፊው ለቃለ ጉባኤ እንዲመች ከፍ አድርገሽ ድገሚው አሏቸው፤ ደገሙት። ሽማግሌው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ በዚያ አዳራሽ ሰርግም ስብሰባም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ግን የለም። ከወንበሬ ተነስቼ ይበቃል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ለአንዲት ወረቀት ብዬ ዝም አልኩ።

ወረቀቷም አልተሰጠችም። ሸንጎው ለሃያ ደቂቃ ከተመካከረ በኋላ ያነበበው ውሳኔ ይህ ነው፤ “አመልካቿ ስሙን የተናገረችው ባለስሙ ራሱ በሸንጎው ፊት ስሙን ከተናገረ በኋላ በመሆኑ፣ ከዚያ የሰማችውን ደገመች እንጂ አስቀድማ ታውቀው እንደነበር አያረጋግጥም። የቀድሞው ውሳኔ ጸንቷል።”

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህን ውሳኔ ቤቴ ወስጄ ሦስት ቀን አነበብኩት። ሕግ ሲጻፍና ሲነበብ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በአጻጻፉ ስሕተት ፈልጌ አላገኘሁም። አንዱ ዐረፍተ ነገር ሌላውን ተከትሎ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ፣ ከሁሉም መጨረሻ አንዲት ሴት ከሃያ ስድስት ዓመት ትዳሯ ትወጣለች። በጽሕፈት ዘመኔ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ነገር ባለመጻፌ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወይም ጽፌ ይሆናል፤ ዛሬ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው መቼም ስንቱን ሰው ሳያየው ጽፎ እንዳለፈ ራሱም አያውቅም።

5ኛ ብዬ ስለ ንብረት ቆጠራው፣ 6ኛ ብዬም ከሟቹ የአናጢ ዕቃ መካከል ስለ ጠፋው መላጊያ ልጽፍ አስቤ ነበር። ደክሞኛል፤ ይቅር። መላጊያውን የወሰደው ሰው በሚገባ ይላግበት።

ይግባኝ የማለት መብት እንዳለን አውቃለሁ። ማመልከቻውንም አርቅቄ ለፊርማ ሳቀርብላቸው ወይዘሮ ወርቅዬ አልፈርምም አሉ። ለምን ብላቸው፣ እዚያም ሄጄ ድገሚው ሊሉኝ ነው አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ሽማግሌው ዳግመኛ በጋሪ መጥተው ወደ ሌሞ ወሰዷቸው፤ እኔ ቤት እያለኝ ልጄ ባዳ ጋ አታረጅም አሉ። የያዙት በእኛ ቤት ሳሉ ያፈሩትን አንድ ጥቅል ልብስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሰሙ ጀርባ ነው ያለው። ሽማግሌው ከፊት፣ ከባለጋሪው ጎን ተቀመጡ። ወይዘሮ ወርቅዬ ከኋላ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተቀመጡ። እስከ ከተማው መውጫ ስሸኛቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዩም፤ ሽማግሌው ግን ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ባለጋሪውን ቀስ በል ይሉ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ወይዘሮ ወርቅዬ የነገሩኝን ቃል በቃል ላድርስ፤ አጣሪ ነኝና ከተሰጠኝ ላይ ማጉደል አይገባኝም። “ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ ቤቱን ይውሰዱት። ያቺን የጻፏትን ብቻ ያንሱልኝ። ሲመሽብኝ ከጠና አጠገብ ልቀበር ስል፣ ሚስቱ አይደለችም ተብሎ ተጽፏል ብለው እንዳይከለክሉኝ።”

ስለዚህ የውርስ አጣሪነቴን የመጨረሻ ጥያቄ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ቤቱ የወጣቶች ማኅበር ይሁን፤ ወጣቶቹ ወንበር ሲያጥራቸው ዳሱ ውስጥ ጣውላ ያገኛሉ። እንሰቱን መንግሥት ይረከበው። ቆጮውንም ሽታውን የለመደ ይብላው። ከቃለ ጉባኤው ገጽ 14 ላይ “የሟች ሚስት መሆኗ አልተረጋገጠም” የምትለዋ አንዲት መስመር ብቻ እንድትሰረዝ እለምናለሁ። መስመሯ ስምንት ጣት አትሞላም። መሰረዣ ቀለም ከሌለ የራሴን ብዕር አመጣለሁ፤ እጅዎ ከደከመም ይዤልዎ እቆማለሁ።

ለአምስት ወራት በየቀጠሮው ስላስተናገዱኝ፣ በደጃፍዎ ያለችው አግዳሚ ወንበር የእኔን ቅርጽ እስክትይዝ ስለታገሡኝ፣ ሕግ አውቃለሁ የሚል የሽማግሌ ትዕቢቴንም ስላስተነፈሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ እንዲጸና፣ ብዕርዎ እንዳይነጥፍ፣ ጉዳይዎም በዘመንዎ ሁሉ ከሸንጎ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣ በአብዮታዊ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን፣ እጅ እነሣለሁ።

ወልደ ሰንበት
የማይጣራ ውርስ አጣሪ፣
ጡረተኛና የአግዳሚ ወንበርዎ ቋሚ ደንበኛ
(ፊርማ)

ግልባጭ
ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ዳኘ፣ በመዝገብ ቢታወቁም ባይታወቁም
ለአቶ ረሻድና ለፈረሳቸው
ለስኳር ወረፋው

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት አንድ ቅጂ በፖስታ አድርጌ በክብር ቤትዎ ላደርስ ትናንት መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በፖስታው ላይ ሙሉ ስምዎን ለመጻፍ የአባትዎን ስም የተከበሩ ባለቤትዎን ወይዘሮ አበራሽን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም የከምባታ፣ የአንጋጫ ሰው ናቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉኝ፤ ደግሜ ብጠይቃቸው ወደ ጓዳ ገብተው የእርስዎን የድሮ የግብር ደረሰኝ አምጥተው በጣታቸው አሳዩኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው ሲኖሩ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ነገሩን ለሸንጎው ማመልከት ግዴታዬ መሆኑን ባውቅም ዝም ብያለሁ፤ ቤትዎ አራት ክፍል ያለው ሲሆን የሴቶች ማኅበርም ጽሕፈት ቤት የለውም።

ወ.ሰ.